የማይንቀጠቀጥ እጅ

ባለቤቴን የቀበርነው በትውልድ ቀበሌው በጋይንት፣ ከአርብ ገበያ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ርቆ ነው። ወንድሞቹ «አጥንቱ ከአባቱ አጥንት ጋር ይረፍ» አሉ፤ እኔም እምቢ አላልሁም። አርባውን አውጥቼ ወደ መካነ ኢየሱስ ስመለስ ከእሱ የቀረኝ አንድ ክፍል ከነጓዳው፣ አልጋና ሁለት ጃኬት ብቻ መሆኑ ገባኝ። ልጅ አልወለድንም። መቃብሩ እንኳ እኔ ጋ አይደለም። መንገዱ ሲከፈት ጋይንት እሄዳለሁ፤ ሲዘጋ እቀመጣለሁ።

የምሠራው በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ፋይል አወጣለሁ፣ ፋይል እመልሳለሁ። ባለጉዳይ የሚያናግረኝ በትንሽ መስኮት በኩል ነው። ድሮ «ኧረ ፍጠኚልን፣ ፀሐይ በላን እኮ!» እያሉ መስኮቱን ይደበድቡብኝ ነበር። ጥቁር ከለበስሁ በኋላ ግን ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ፋይል ሲጠፋብኝ «ግድ የለም፣ ነገ እንመለሳለን» ይሉኛል። አንድ ቀን ከሲማዳ ወሰን በእግሩ የመጣ ገበሬ እንዲሁ ብሎኝ ሄደ። ነገ ለመመለስ ከከተማው ማደር ነበረበት። እንደ ሰው ቢቆጣኝ ምን ነበረበት ብዬ ቀኑን ሙሉ ተብሰለሰልሁ።

ምሳ ሰዓት ላይ ሠራተኛው ሁሉ ወደየቤቱ ይሄዳል። እኔ አልሄድም ነበር። ለአንድ ሰው ገበታ ማቅረብ ከበደኝ። መዝገብ ቤቱ ደጃፍ ቁጭ ብዬ ሰዓቱን አሳልፍ ነበር። በጥቅምት ወር አንድ ቀን፣ ከመሥሪያ ቤቱ ጓሮ ሣር ውስጥ ወድቃ የተረሳች ፍላጻ አገኘሁ።

የመሥሪያ ቤታችን ወጣቶች ከሥራ በኋላ ጓሮው ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ሰሌዳ ላይ የሚወረውሯት ናት፤ ዳርት ይሏታል። እኔ ፍላጻ ነው የምላት። ጫፏ ሹል ብረት ነው። ከባሕር ዳር ሲመጡ የፕላስቲክ ክንፍ ነበራቸው፤ እሱ ሲሰባበር ጥበቃችን የአውራ ዶሮ ላባ እየሰነጠቁ ሰኩባቸው። ሰሌዳውን የሠራው የዚሁ አገር አናጢ ነው፤ ከዋንዛ ግንድ ቆርጦ፣ ክብ በክብ ውስጥ አድርጎ በነጭ ቀለም አሥር ቦታ ከፈለው። ዳሩ አንድ ነው፣ መሃሉ አሥር። ፍላጻዋ መስመር ከነካች ከፍተኛው ቁጥር ይያዛል። ሌላ ሕግ የለውም።

ወረወርኋት። ግድግዳውን መትታ ወደቀች። የሳቀብኝ ሰው አልነበረም፤ ማንም አልነበረምና። በማግሥቱም ወረወርሁ። በሳምንቱ ሰሌዳው ላይ መሰካት ጀመረች። ሰሌዳው ላይ ተሰክተው ከሚያድሩት ሁለት ጨምሬ፣ በኅዳር መጨረሻ ሦስቱንም ፍላጻ ከመሃሉ አጠገብ ማጠጋጋት ቻልሁ። እንዴት እንደቻልሁ ሰው ሁሉ ይጠይቀኝ ስለነበር እዚህ ልጻፈው። ትከሻን መጣል ነው። ሰው ሊወረውር ሲል ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል፤ እሱን ማውረድ ነው። ፍላጻዋን መጨበጥ አይደለም፣ እንደ እንቁላል ተጠንቅቆ መያዝ ነው። ትንፋሼን «አቡነ ዘበሰማያት» ብዬ አስገባለሁ፤ «ይትቀደስ ስምከ» ላይ ስደርስ እጄን እለቃለሁ።

ይህ ነገር ኃጢአት መሰለኝና ለንስሐ አባቴ ነገርኋቸው።

«በጸሎት ትወረውሪያለሽ?» አሉኝ።

«አዎ አባ።»

«ትመቻለሽ ወይ?»

«እመታለሁ።»

ጢማቸውን ዳበሱ። «እንግዲያው ጸሎቱን አትቁረጪው። ሳትጨርሺ ስለምትለቂው ነው ኃጢአቱ። ከወረወርሽ በኋላ እስከ መጨረሻው ድገሚው።» ከዚያን ቀን ጀምሮ ፍላጻዎቹን ከሰሌዳው ስነቅል የቀረውን እጨርሳለሁ።

በከተማችን የመንግሥት ሠራተኞች የበጋ የፍላጻ ውድድር አለ። መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት ሁለት ዓመት ቀርቶ ነበር፤ በዚያ ጥር እንደገና ተጀመረ። በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ ሁለት መሥሪያ ቤቶች ይጋጠማሉ። አንድ ቡድን አራት ሰው ነው፤ አንዱ ከአንዱ እየተፈራረቀ ይወረውራል፤ በየዙሩ ሦስት ሦስት ፍላጻ። የመጨረሻው ወርዋሪ ዕዳ አለበት። የሦስቱን ጥፋት የሚሸፍነውም፣ የሦስቱን ልፋት የሚያፈሰውም እሱ ነው።

የእኛ ቡድን መሪ ወጣት የተክል ባለሙያ ነው። አንድ ምሳ ሰዓት ላይ የረሳውን ስልክ ሊወስድ ተመልሶ ስወረውር አየኝ።

«እትዬ! ይሄን ሁሉ ደብቀው ነው?»

«ተው፣ ሐዘን ላይ ነኝ። ብጫወት ሰው ምን ይለኛል?»

«ጨዋታ አይደለማ። የሥራ ግዴታ ነው ብለን እንይዘዋለን።»

እንዲህ አድርጎ በጥቁር ልብሴ አስገባኝ፤ ከመጀመሪያው ቅዳሜ ጀምሮም መጨረሻ ወርዋሪ አደረገኝ። ስልኩ ላይ ስለ ውርወራ የሚያነበው ነገር ነበረው። ተራዬ ሲደርስ ከጎኔ ተጠግቶ «እትዬ፣ ሪላክስ! ሪላክስ ካሉ በኋላ ፎከስ!» ይለኛል። ነጥብ የሚይዙልን ጥበቃችን ናቸው፤ ድሮ በጋይንቷ ቤተ ልሔም ድጓ ተምረዋል፣ ዓይናቸው እንደ ጭልፊት ነው፣ አያዳሉም ተብለው ሁሉም ይስማማባቸዋል። «ምን ይላል ይሄ ልጅ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ረጋ በይ፣ ከዚያ ልብ በይ ነው የሚለኝ።»

«እንዲህ እየጮኸብሽ?»

የተክል ባለሙያው መጮሁ አላስቸገረኝም። የሚያስቸግረኝ ነገር አልነበረም። ሌሎቹ ወርዋሪዎች ተራቸው ሲደርስ ከንፈራቸው ሲደርቅ፣ መዳፋቸውን በሱሪያቸው ሲጠርጉ አያለሁ። የእኔ እጅ ግን ቀጥ ይላል። ደግሞ እኔ ስነሣ ከዳር እስከ ዳር ፀጥ ይል ነበር። የተቀመጠው ይቆማል፣ ባርኔጣ ያደረገው ያወልቃል፣ የሚሳሳቀው ሳቁን ይውጣል። ለእጄ ነው ብዬ አሰብሁ። ጌታዬ ሆይ፣ ኮርቼ ነበር። ሰባት ቅዳሜ ተጋጠምን፣ ሰባቱንም አሸነፍን፤ ሰባቱንም ጊዜ ከፊቴ የተሰለፈውን የሌላውን ቡድን የመጨረሻ ወርዋሪ በሰፊ ልዩነት በለጥሁት። የቀረን አንድ ግጥሚያ ነው። እሱን ካለፍን ደብረ ታቦር ሄደን ከዞኑ ቡድኖች ጋር እንጋጠማለን።

ማክሰኞ ዕለት የተክል ባለሙያው የውጤት ወረቀቶቹን ሁሉ ጠቅልሎ አመጣና «ወደ ዞን የሚላክ ነው፤ ፋይል ይክፈቱለት» አለኝ። የሁሉም ቡድኖች ወረቀት ነው። እንደ ልማዴ በቀን ቅደም ተከተል አስይዤ ገጽ መስጠት ጀመርሁ። እጄ ገጽ ሲሰጥ ዓይኔ ያነብ ነበር።

አንድ ሾፌር አለ፤ እንደ እኔ መጨረሻ ነው የሚወረውረው። ከሌሎች ጋር በተጋጠመባቸው ቅዳሜዎች በየዙሩ ሃያ አራት፣ ሃያ ስድስት፣ አንዴም ሃያ ስምንት አምጥቷል። ከእኔ ጋር በተጋጠመበት ቅዳሜ አሥራ አራት፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ አምስት። ክፉ ቀን ገጥሞት ይሆናል ብዬ ገለጥሁ። ቀጥሎ የአንዲት ነርስ ወረቀት መጣ፤ እንደዚያው ነው። የጸሐፊው፣ እንደዚያው። ሰባቱንም ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋኋቸው። ሰባት ጎበዝ ወርዋሪዎች፣ ሰባቱም ከእኔ ፊት ሲቆሙ ብቻ እጃቸው ጠፍቶባቸዋል።

ያ ፀጥታም ለእጄ አልነበረም። ሰው ሐዘንተኛ ሲያልፍ የሚያደርገውን ነበር ያደረጉት። ከመስኮቴ ጀርባ ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው ሕዝብ ቅዳሜ ቅዳሜ ጓሮ መጥቶ ለቅሶ ይደርሰኝ ነበር።

የተክል ባለሙያውን አስጠራሁት።

«ታውቅ ነበር?»

«ምኑን፣ እትዬ?»

ወረቀቶቹን አሳየሁት። አንገቱን አከከ።

«እንግዲህ ምን ያድርጉ?» አለ። «ማን ነው ሐዘንተኛ ሴት አሸንፎ ቤቱ የሚገባ? እናቱስ ምን ትለዋለች?»

«መጨረሻ ያደረግኸኝስ ለዚህ ነው?»

«መጀመሪያ አላወቅሁም። የነቃሁት በሦስተኛው ሳምንት ነው።»

«ነቅተህም ተውኸኝ።»

«ደብረ ታቦር ልንገባ ነው እኮ፣ እትዬ!»

በልጁ አልፈረድሁም። በዚያ ምሽት ግን ቤቴ ገብቼ ቀኝ እጄን አየሁት። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ብዙ ነገር ተወስዶብኛል፤ የተጨመረልኝ ይህ እጅ ብቻ ነበር። ማንም ሳያስተምረኝ፣ ማንም ሳያየኝ፣ በባዶ ጓሮ ያገኘሁት ነው። እሱም የሰው ምጽዋት ከሆነ ምንም የለኝም ማለት ነው። የእኔ መሆን አለመሆኑን ሳላውቅ ግን መቀመጥ አልቻልሁም። ለማወቅ የቀረኝ አንድ ቅዳሜ ነበር።

ያ የመጨረሻ ግጥሚያ ከአንድ ትምህርት ቤት ቡድን ጋር ነው። የእነሱ የመጨረሻ ወርዋሪ የትምህርት ቤቱ ደወል መቺ ሴትዮ ናቸው። ዕድሜያቸው ስልሳ ይጠጋል፤ ባላቸውን ከቀበሩ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። ምላሳቸው ይፈራል። ሐሙስ ዕለት ከሥራ አስፈቅጄ ሄድሁ። ደወላቸው ከዛፍ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው፤ ደውለው ሲጨርሱ ደረስሁ።

«እንደምን ዋሉ?»

«እግዜር ይመስገን። ምን እግር ጣለሽ?»

«ቅዳሜ አንቱና እኔ እንጋጠማለን።»

«ሰምቻለሁ። ልታስፈራሪኝ ነው የመጣሽ?»

«እንዳያዝኑልኝ ልለምንዎት ነው።»

መዶሻቸውን አስቀመጡና ከእግር እስከ ራስ አዩኝ።

«ማን አዘነልሽ?» አሉኝ። «አራት ልጅ ይዤ ስቀር ለእኔ ማን አዘነልኝ? በአሥራ አምስተኛው ቀን ይሄን ቸርኬ ስቀጠቅጥ ነበር። ነጥብ ትሰጠኛለች ብለሽ ከሆነ ተሳስተሻል። ነፍሱን ይማረውና ለባሌም አልሰጥም ነበር።»

«የፈለግሁት ይሄንኑ ነው።»

«እንግዲያው በደንብ በልተሽ ነይ። ከስተሻል። የከሳ ሰው መጣል ምን ያኮራል?»

ከዚያ ወደ መዝገብ ቤቴ ስመለስ መንገዱን ሁሉ ክንዴን እያወዛወዝሁ ተለማመድሁ። አርብም ምሳ ሰዓቱን ሙሉ ወረወርሁ፤ እንደፈራሁ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ቅዳሜ ጓሮው ሞላ። እንደ ወትሮው ተራዬ ደርሶ ስነሣ ሁሉም ቆመ፣ ሁሉም ፀጥ አለ። በዚያ ፀጥታ መካከል ደወል መቺዋ ተቀምጠው ቆሎ ይቆረጥማሉ።

«ምነው ቆማችሁ?» አሉ ጮክ ብለው። «ቅዳሴ ነው እንዴ?»

«ኧረ በእግዜር!» አላቸው አንዱ ከኋላ።

«ምን ኧረ ትለኛለህ? ልትወረውር ነው የመጣች፣ ልትቀበር መች መጣች!»

የሰው ሁሉ ፊት ተኮማተረ። እኔ ግን ሳቄ መጣ፤ በነጠላዬ ጫፍ አፌን ያዝሁ። ከዚያም ፍላጻዋን አነሣሁ፤ እጄ ተንቀጠቀጠ።

እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ትከሻዬን ጣልሁ፤ ተመልሶ ወጣ። «አቡነ ዘበሰማያት» ብዬ ትንፋሼን አስገባሁ፤ ትንፋሹ ደረቴ ላይ ቀረ። የመጀመሪያዬ አራት ላይ ተሰካች። ሁለተኛዋ ስድስት። የተክል ባለሙያው «ሪላክስ፣ እትዬ፣ ሪላክስ!» ይላል።

«ልጄ፣ አንተ ራስህ ተቀመጥና ረጋ በል» አሉት ጥበቃችን።

በቀጣዮቹ ዙሮች መካከል አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጬ አሰብሁት። ለካ ያ ሁሉ ቅዳሜ ረግቼ አልነበረም። ደንዝዤ ነበር። ብመታም ባልመታም የሚጎድልብኝ የለም፤ የማይፈልግ ሰው እጁ ለምን ይንቀጠቀጣል? አሁን ግን ፈልጌያለሁ። እኒህን ሴትዮ ማሸነፍ ፈልጌያለሁ። ባለቤቴ ከሞተበት ከሰኔ ወዲህ አንዳች ነገር ስፈልግ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እንግዲያው እጄን ባልታገለው ይሻላል አልሁ። ይንቀጥቀጥ። ሲነሣና ሲወርድ፣ በሁለቱ መካከል ለአፍታ የሚያርፍበት ቦታ አለ፤ እሱን ጠብቄ መልቀቅ ጀመርሁ። በአራተኛው ዙር ሃያ አንድ አመጣሁ። በሰባተኛው ሃያ አራት። ደወል መቺዋም ሃያ አራት።

«በልተሻል መሰለኝ» አሉኝ ሲያልፉ።

«ሽሮ» አልኋቸው።

«ሽሮ ሃያ አራት አያመጣም። ሌላ ነገር በልተሻል።»

በመጨረሻው ዙር እሳቸው ቀድመው ሃያ ሰባት ወረወሩና ቆሏቸውን ይዘው ተቀመጡ። ጥበቃችን ወረቀታቸውን ደምረው ተናገሩ። እኔ በሦስቱ ፍላጻ ሃያ ስድስት ካመጣሁ እኩል እንወጣለን፤ በእኩል ከወጣን ባለፉት ሰባት ቅዳሜዎች ነጥባችን ስለሚበልጥ የምናልፈው እኛ ነን። ያ ነጥብ እንዴት እንደመጣ የማውቀው እኔ ስለሆንሁ ጉንጬ ተቃጠለ።

የመጀመሪያዋ ዘጠኝ። ሁለተኛዋ ስምንት። ዘጠኝ ቀረኝ።

ማንም ፀጥ አላለም። ደወል መቺዋ ከጀመሩት ወዲህ ሌሎቹም ሐዘኔን ረስተውት ነበር። የትምህርት ቤቱ ሰዎች ያፏጫሉ፣ የእኛዎቹ ስሜን እየጠሩ ይጮኻሉ። «ትስታለች! ትስታለች!» ይላል ያ «ኧረ በእግዜር» ያለው ሰው ራሱ። እጄ ተነሣ፣ ወረደ፣ ያረፈባትን ቅጽበት ጠብቄ ለቀቅሁ።

ፍላጻዋ በስምንትና በዘጠኝ መካከል፣ ከመስመሩ ሥር ተሰካች።

«ነክታለች!» አለ የተክል ባለሙያው።

«አልነካችም!» አሉ ከዚያ ወገን።

ጥበቃችን ሁሉንም ገፍተው ቀረቡ። ከጋቢያቸው ጫፍ አንድ ክር መዘዙና በፍላጻዋና በነጩ መስመር መካከል አስገብተው ቀስ ብለው ሳቡት። ክሩ አለፈ።

«ስምንት» አሉ።

«አላለፈም!» አልሁ። እኔ ነኝ ያልሁት። ድምፄ ጓሮውን አልፎ መንገድ ላይ ያለ ሰው ዞሮ አየ። «ያዘው እኮ! ሲስቡት ያዝ አድርጎታል፣ አየሁት! ይድገሙት!»

«አልፏል፣ እቴ።»

«ቀለሙ ወፍራም ነው፣ ከላይ ሳይሆን ከሥር ይለካ! እንዲህ ነው እንዴ ዳኝነት?»

ደገሙት። ክሩ እንደገና አለፈ። ደወል መቺዋ ከተቀመጡበት ተነሥተው ፊቴ ድረስ መጡና እልልታቸውን አቀለጡት።

«ጣልሁሽ!» አሉኝ። «አንቺ ጨቅጫቃ! በሚመጣው ዓመትም እጥልሻለሁ።»

«ክሩ ባይወፍር አይጥሉኝም ነበር!»

«ክሩ ቢወፍርማ ይይዝ ነበር፣ ጅል!»

ሕዝቡ ሳቀብኝ። ሰኞን እንኳ ሳይጠብቅ፣ ከዚያው ጓሮ ስወጣ አንዱ ባለጉዳይ «እትዬ፣ የእኔን ፋይል ደግሞ መቼ ነው የሚያገኙት? ወር ሆነኝ እኮ!» ብሎ ጮኸብኝ። ሰኞ ና አልሁት፣ በቁጣ።

ቤቴ እስክደርስ ድረስ በልቤ ስከራከር ነበር። ቁልፉን ሳዞር፣ በሩን ስገፋ፣ ነጠላዬን ሳላወልቅ፣ አፌን ከፍቼ «ነክታለች እኮ፣ ስሙኝ ብላቸው የሚሰማኝ አጣሁ እንጂ…» ማለት ጀመርሁ።

ባለቤቴ ሁልጊዜ ከዳኛ ጋር ነበር የሚወግነው። ከወንድሙ ጋር ድንበር ስንከራከር እንኳ «ዳኛ ካለ አለ ነው» ይለኝ ነበር፣ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ጫማውን እየፈታ። ዘጠኝ ወር ሙሉ የምነግረው ነገር ስላልነበረኝ መልስ አለመኖሩን በቅጡ አላስተዋልሁትም ነበር። አሁን ግን ከእሱ ሌላ ማንም የማይሰማኝ ወሬ ይዤ ገብቼአለሁ፤ የሰሌዳውን፣ የክሩን፣ የሴትዮዋን ቆሎ። በሩን ክፍት እንደተውሁት ቆምሁ። ጃኬቱ አልጋው ላይ ነበር።

«ነክታ ነበር» አልሁት፣ ጮክ ብዬ። ከዚያ እስኪከራከረኝ ጠበቅሁ።